ሁለት መጥሪያ

ደጄን አንኳኳና አንድ ጎረምሳ ልጅ፣
«እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ፣ ብዕር ሰጥቶ በእጅ።
ሰማያዊ ማኅተም፣ የታጠፈ ወረቀት፤
«ደግሞ ማን ሊዳር ነው?» ብዬ ገባሁ ከቤት።
የሰርግ መጥሪያ መስሎኝ መስተዋቱ ላይ ሰካሁት፤
ከአዝመራ ልጅ የሰርግ ካርድ ጎን ለጎን አዋልኩት።

ሐሙስ ማታ ኢታማር፣ የልጄ ልጅ፣ መጣ፤
አነበበው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ወጣ።
«አያቴ፣ ሰርግ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ነው የጠራሽ።
መቅረት የለም፤ ብትቀሪ በፖሊስ ነው የሚያቀርቡሽ።»
«ምን ሰረቅሁ?»
«ምንም። አንቺ ተከሳሽ አይደለሽም፤
ያየሽውን ንገሪን ነው የሚሉሽ፤ ሌላ የለም።»

ያየሁት! ያየሁትማ ሦስት ዓመት አልፎታል፤
ከፕላስቲክ ፋብሪካው ወለል ታጥቦ ደርቆታል፣
ብዬ ነበር።

ዕብራይስጤ ሰባራ፣ የሉድሚላም አንካሳ፤
በጨው የዘፈዘፈችው ኪያር ነበር የኛ ምሳ።
ኮቢ፣ አለቃችን፣ ያን ሌሊት መከለያውን
ነቀለው ከማሽኑ ላይ፣ ሥራው እንዲፈጥን።
መወልወያዬን ይዤ እዚያው ነበርኩ።
ሁለት ጣት።
ወለሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ወሬው ከመቼው ደረሰ? ስልኬ ጮኸ በማግስቱ፤
«እንዬ፣ እንዴት ነሽ?» ኮቢ ነው፤ ማር ሆኗል አንደበቱ።
ስንት ዓመት ሙሉ «አንቺ!» እያለ ሲጠራ
ዛሬ ስሜን አወቀ። «ዕድሜ ያስረሳል፣ አይደል?» አለ፤ «አደራ።»

ደረጃው ሸንጎ ሆነ፤ ጎረቤት ምክር አወጣ፤
ዘርፌ፣ «ባትፈርሚ ኖሮ ምን ሊመጣ?»
ሙላት፣ «አላስታውስም በይ፤ መርሳት ወንጀል አይሆንም።»
«እያስታወሱ መርሳትስ?» አልኩት። መልስ የለውም።

ከወረቀቱ ግርጌ ወዳለው ቁጥር ደወልን፤
ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ፤ ከዚያ ሴት መለሰችልን።
«የአማርኛ አስተርጓሚ» አልኩ፤ «መዝግቢልን ይኽን።»
«የምስክር አበልስ?» አለ ልጁ። «አለ» አለችን።

አንድ መሥመር ግን ቀረ፤ «በእጅሽ ያለ ሰነድ
ሁሉ ይቅረብ» ይላል። ፊደል ካልቆጠረ ሰው ከየት ይወለድ?
ሳቅሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ደመወዜን ቢሸርፉኝ አንድ ወር፣
ጀምሬ ነበር እኔም በደብተር መቁጠር፤
ክብ ለሌሊት ፈረቃ፣ ጭረት ለአንድ ሰዓት።
ከፍራሼ ሥር አወጣሁት፤ ገለጥኩ እስከዚያ ዕለት።
ክብ። ሰባት ጭረት። ከጎኑ በእርሳስ የተሣለ
አንድ እጅ፤ ሦስት ጣት፤ የቀረው የተጣለ።
ኢታማር ትንፋሹን ዋጠ፤ ብዙ አየው ዝም ብሎ፤
«ሰነድ ይኼ ነው» አለኝ፣ በፌስታል ጠቅልሎ።

አባቴ፣ ድሮ ባገራችን፣ በበላ ልበልሃ ችሎት
ለአንድ ድሃ ጎረቤት ምስክር ቆሞለት፣
ሲመለስ ያጨደው ጤፍ ተቃጥሎ ጠበቀው።
«ምን አተረፍክ?» ሲሉት «እንቅልፍ» አለ፤ ይኼን ብቻ ነው የማውቀው።

ማክሰኞ፤ «መልካም» ሁለት ጊዜ የተባለበት ዕለት፤
ከጠዋቱ ሁለት ተኩል፣ የቂርያት ጋት ፍርድ ቤት።
የሻሼ መርፌ ጮኸ በመፈተሻው ስገባበት።
ሉድሚላ አግዳሚው ላይ፣ እጇን ኪሷ ከታዋለች፤
አየችኝ፤ አወጣችው፤ በሦስት ጣት ሰላም አለች።
ኮቢ ስልኩን ያያል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይሉ ነበር።
ይኸው፣ አድሮ ተጠራ፤ እኔም አብሬው፣ ከነምሥጢር።
«ኤናይ!» አለ አስተናባሪው፣ በሩን ገፋ አድርጎ፤ ስሜን ሰበረው።
«ዓይኖቼ» ማለት ነው በነሱ ቋንቋ። ይሁን፤ አላረምኩትም፤ እሱም ልክ ነው።
ተነሣሁ። ሻሼን አጠበቅሁ፤
ለማታው ሰርግ የለበስኩት ነው።